ዝገት ከውስጥ ይጀምራል፦ አሮጌ ፒክአፕን በቤት ጋራዥ ስለ ማደስ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አድማጮች፣

አሮጌ ፒክአፕን በቤት ጋራዥ ስለ ማደስ እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ አብዛኞቻችሁ የምትጠብቁት ስለ ሞተርና ስለ ቀለም እንደሆነ እገምታለሁ። ሁለቱንም ማንሳቴ አይቀርም፤ የንግግሬ ዋና ጉዳይ ግን ዝገት ነው። ተጀምረው የቀሩ፣ ወይም ተጠናቀው በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ተመልሰው የተበሉ መኪኖችን ቀርቤ ሳይ፣ ለውድቀታቸው ምክንያት የሆነው ሞተራቸው ሆኖ አላገኘሁትም። ሞተር ቢበላሽ ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ይታደሳል፤ ባይሆን በሌላ ይተካል። ዝገት ግን ሠሪው የት እንዳደረ ካላወቀበት፣ ከላይ እያማረ ከታች የሚበላ መኪና ያስረክበዋል። ስለዚህ የፒክአፕ እድሳት መጀመር ያለበት ዓይን ከማያየው ክፍል ነው የሚለውን ሐሳቤን፣ ከምክንያቱና ከአሠራሩ ጋር ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ግን ፒክአፕ በቤቱ ለሚሠራ ሰው የሚመች መኪና የሆነው ለምን እንደሆነ ልናገር። ፎርድ በ1925 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቲ በሚባለው መኪናው ላይ የጭነት ሳጥን ገጥሞ ከፋብሪካ ማውጣት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ፣ ቶዮታ በ1968 ሃይሉክስን እስካቀረበበትና ከዚያም ወዲህ፣ የአብዛኞቹ ፒክአፖች አሠራር በመሠረቱ አንድ ነው። ከታች ሻንሲ፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጽም አለ፤ በሻንሲው ላይ ከፊት ጋቢና፣ ከኋላ የጭነት ሳጥን በቡሎን ታስረው ይቀመጣሉ። የቤት አውቶሞቢሎች በአብዛኛው ቦዲያቸውና ሻንሲያቸው አንድ ወጥ ሆኖ ስለሚሠራ፣ አንዱን ሲነኩ ሌላው ይነካል። በፒክአፕ ላይ ግን የጭነት ሳጥኑን ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ አንሥቶ ከግድግዳ ጋር ማስደገፍና የሻንሲውን የኋላ ክፍል ከላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። በጠባብ ጋራዥ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እድል ነው።

አሁን ለአፍታ ከጋራዥ ወጥተን ወደ ቤተ ሙከራ እንግባ። ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን ሲያገኝ መሆኑን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ጨው የሟሟበት ውሃ ኤሌክትሪክን ይበልጥ ስለሚያስተላልፍ ነገሩን እንደሚያፋጥነውም እናውቃለን። ከዚህ ትምህርት ተነሥተን፣ ብረት ይበልጥ የሚበላው አየር በብዛት በሚያገኘው ቦታ ነው ብለን እንደመድማለን፤ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው። ኡሊክ ኢቫንስ የተባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በ1920ዎቹ በካምብሪጅ ይህን በአንዲት ጠብታ አሳይቷል። በተወለወለ ብረት ላይ የጨው ውሃ ጠብታ ይደረጋል፤ በጠብታዋ ውስጥ ቀለም በመለወጥ የሚሆነውን የሚያሳብቁ ሁለት ኬሚካሎች ተጨምረዋል። ጥቂት ቆይቶ የጠብታዋ ጠርዝ ሮዝ፣ መሐሏ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊው ብረቱ እየሟሟ ያለበትን ቦታ ያመለክታል፤ ያም ቦታ ከአየሩ የራቀውና ኦክስጅን ያጠረው መሐል ነው። ቡናማው ዝገት የሚከማቸው ደግሞ በመሐሉና በጠርዙ መካከል እንደ ቀለበት ሆኖ ነው። እንግዲህ ዝገቱ የሚታይበት ቦታና ብረቱ የሚበላበት ቦታ አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ይህችን ጠብታ በአእምሯችሁ ይዛችሁ ወደ ፒክአፓችሁ ተመለሱ። በጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ውስጥ የተጋገረ ጭቃ፣ ሁለት ላሜራዎች ተነባብረው በነጥብ ብየዳ የተያያዙበት ስፌት፣ የበር ውስጠኛ ወለል፣ ከጋቢናው ምንጣፍ ሥር ያለ እርጥብ ስፖንጅ፣ ሁሉም የጠብታዋ መሐል ናቸው። እርጥበት አላቸው፤ አየር ግን እንደ ልብ አይደርሳቸውም። በዚያ ላይ ዝገት ከተገኘበት ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚፈልግ፣ በስፌቱ ውስጥ ሲያብጥ ሁለቱን ላሜራዎች እንደ ሽብልቅ ይፈለቅቃቸዋል፤ የተፈለቀቀው ስፌት ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ያስገባል። ከውጭ ቀለሙ ላይ የአተር ፍሬ የሚያህል እብጠት ባያችሁ ጊዜ፣ ከበስተጀርባው ያለው ጉዳት ብዙውን ጊዜ የእጅ መዳፍ ያህላል። ቀለሙ ያበጠው ዝገቱ ከውስጥ መጥቶ ወደ ውጭ ሊወጣ ሲል ነውና።

ስለዚህ ምርመራው መፍቻ ከማንሣት በፊት ይደረግ። የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ አነስተኛ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ጠንካራ የእጅ ባትሪና በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይበቃል። ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ድምፁ ይታፈናል፣ ቅርፊትም ያራግፋል። ባሌስትራ፣ ማለትም ተነባብሮ የተሠራው የብረት ሞላ የሚታሰርባቸውን ቦታዎች፣ የመሪው ሳጥን የተቀመጠበትን አካባቢና ጋቢናው በጎሚኒ ላይ የሚያርፍባቸውን መቀመጫዎች ሳትቸኩሉ ተመልከቱ። በካቻቢቴ ስትወጉት የሚበሳ ብረት ካለ ቀዳዳውን አስፉት፤ ዛሬ እናንተ ካልበሳችሁት ነገ ጭነት ይበሳዋል።

ማግኔቱ ያስተማረኝን ልንገራችሁ። እኔ ያደስኩት ፒክአፕ ከእኔ በፊት በአንድ ጋራዥ ተሠርቶ ነበር፤ የጋቢናው የኋላ ማዕዘን ቀለሙ ለስላሳ፣ ቅርጹም የተስተካከለ ነበር። ማግኔቱን በበሩ ላይ ሳሳርፈው ተጣበቀ፤ ወደ ማዕዘኑ ሳንሸራትተው ግን እንደ ሳሙና አምልጦኝ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጠርዙን በመሮ ስነካው የጣት ያህል ውፍረት ያለው ስቱኮ፣ ማለትም ጉድለት መሙያው ልጥፍ ተፈንቅሎ እንደ አንድ ሳህን እጄ ላይ ቀረ። ጀርባው በሙሉ ቡናማ ዱቄት ለብሷል፤ በመሐሉም ስቱኮውን እንዲሸከም የተጠቀጠቀ የወንፊት ሽቦ ነበር። ብረት የሚባል አልነበረበትም። ስቱኮ እርጥበት የሚመጥ ነገር ነው፤ ከጀርባው ክፍት በሆነ ቀዳዳ ላይ ሲለጠፍ ውሃውን ይዞ ያስቀምጠዋል፣ በዙሪያው የቀረውን ጤነኛ ላሜራም ያስበላዋል። ያን ሥራ የሠራው ሰው ቀዳዳውን ደፈነ እንጂ አልጠገነውም፤ እንዲያውም አሰፋው። ይህን የማነሣው ሰውየውን ለመውቀስ ብቻ ሳይሆን፣ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሁሉ ከእያንዳንዱ ለስላሳ ማዕዘን በስተጀርባ ምን እንዳለ እንዲጠይቅ ስለምፈልግ ነው።

በምርመራው መጨረሻ አንድ ከባድ ውሳኔ አለ። ሻንሲው ባሌስትራ በሚታሰርበት ቦታ ተበልቶ ከሆነ፣ ወይም በአደጋ ምክንያት ከተጣመመ፣ በቤት ውስጥ ቁራጭ እየለጠፉ መቀጠልን አልመክርም፤ ጤነኛ ሻንሲ ፈልጎ መተካት ወይም መኪናውን ለመለዋወጫ መተው ይሻላል። መጣመሙን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በግራና በቀኝ ተመሳሳይ የሆኑ አራት ነጥቦችን፣ ለምሳሌ የፋብሪካ ቀዳዳዎችን መርጦ፣ ሁለቱን ሰያፍ ርቀቶች በሜትር መለካት ነው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ቀጥ ያለ አይደለም።

ወደ መፍታቱ ስንገባ ከምንም በላይ የሚቀድመው ሕይወት ነው። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያዎች በሻንሲው ሥር ይቀመጡ፣ መኪናውም ከመገባቱ በፊት ተገፍቶ ይሞከር። የነዳጅ ታንኩን ባዶ ነው ብላችሁ ብየዳም ሆነ ግራይንደር አታስጠጉት፤ ነዳጅ ከሞላበት ታንክ ይልቅ ትነት የቀረበት ባዶ ታንክ ይበልጥ ይፈነዳል። የአሮጌ መኪና ፍሬን ሸራ ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ የሚባል ቃጫ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በኮምፕረሰር አትንፉት፤ እርጥብ አድርጋችሁ ጥረጉት። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችልም ሲፋቅ ተገቢው ጭምብል ይደረግ።

የዛገ ቡሎን ትዕግሥት ይፈልጋል። ከዋዜማው ጀምሮ ሰርጎ ገብ ዘይት ይጠጣ፤ በማግስቱ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ከመታገል በፊት ጥቂት ወደ ማጥበቂያው ይነካ፤ ዝገቱ ሲሰበር የሚሰማውን ጭርታ ከሰማችሁ በኋላ ወደፊትና ወደ ኋላ እያመላለሳችሁ አውጡት። እንቢ ካለ ዳዶውን ማሞቅ ነው፤ ዳዶው በሙቀት ሲሰፋ መያዣው ይላላል። የፈታችሁትን ሁሉ ፎቶ አንሡ፣ ቡሎኖቹንም በየከረጢቱ ከፋፍላችሁ ከየት እንደ ወጡ ጻፉባቸው። ከስድስት ወር በኋላ የትኛው ቡሎን የየትኛው እንደሆነ አስታውሳለሁ ብሎ የሚተማመን ሰው ራሱን ያታልላል።

ዝገትን ከብረት ላይ የማስወገጃው መንገድ እንደ ዕቃው ይለያያል። ወፍራም ለሆነው ሻንሲ የሽቦ ብሩሽ የተገጠመለት ግራይንደር ይበቃዋል። ለትናንሽ ዕቃዎች፣ ለማጠፊያና ለመያዣ ብረቶች፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ኤሌክትሮሊሲስን፣ ማለትም በውሃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ዝገት ማስለቀቅን ነው። በፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ለአራት ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዲየም ካርቦኔት ይሟሟል፤ ከ12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር ኔጌቲቩ ከዛገው ዕቃ ጋር፣ ፖዘቲቩ ከማይፈለግ ቁራጭ ብረት ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱ ብረቶች ግን በገንዳው ውስጥ አይነካኩም። ገመዶቹ ከተገለበጡ የሚበላው ዕቃችሁ ይሆናል። ቁራጩ ብረት ስቴንለስ መሆን የለበትም፤ መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ይለቃልና። ከገንዳው የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ስላለበት ሥራው በተከፈተ በር አጠገብ፣ እሳትና ብልጭታ በሌለበት ይሁን። በማግስቱ ዕቃው ሲወጣ ጥቁር ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ በብሩሽ ሲታጠብ የፋብሪካው ቁጥር ሳይቀር ይነበባል፣ ጤነኛው ብረትም አልተነካም። አሸዋ በግፊት እየረጩ መጥረግም አለ፤ ነገር ግን ተራ አሸዋ ሳንባን የሚጎዳ የሲሊካ ብናኝ ስላለው፣ በቀጭን ላሜራ ላይም ሲበዛ ላሜራውን ስለሚያጎብጠው፣ ሌላ መርጫ ዱቄትና ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል።

ታዲያ ንጹሕ ብረት ራቁቱን ማደር የለበትም። አንድ ምሽት የበሩን ውስጠኛ ላሜራ እስኪያበራ ጠርጌ፣ ነገ እቀባዋለሁ ብዬ በባዶ እጄ አንሥቼ አቆምኩት። ጠዋት ስመለስ የአምስት ጣቶቼ አሻራ፣ መስመሮቹ ሳይቀሩ፣ በብርቱካናማ ዝገት ታትሞ ጠበቀኝ። የእጅ ላብ ጨው ነው፤ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት በግምት ከ60 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ ብረት ላይ ዓይን የማያየው የውሃ ስስ ሽፋን ሥራውን ይጀምራል። ከዚያ ቀን ወዲህ በዕለቱ ፕራይመር የሚባለውን ከቀለም በፊት የሚቀባ ሽፋን ልቀባው ከምችለው በላይ አልጠርግም፤ የተጠረገውንም በጓንት እንጂ በባዶ እጅ አልነካም።

አሁን ወደ ብየዳው እንምጣ፤ ከሥራው ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ። የጋቢናው ወለል ወይም ከበሩ ሥር ያለው ደፍ ከመቆረጡ በፊት፣ የበሩ ክፍት ከላይ ወደ ታችና በሰያፍ በብረት ዘንግ ተበይዶ ይታሰር፤ ጋቢናውም በሻንሲው ላይ እንደታሰረ ይቆይ። ይህ ካልተደረገ ደፉ ሲወጣ ጋቢናው ጥቂት ሚሊሜትር ይዘጋል፤ አዲሱን ላሜራ በይዳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በሩ አልዘጋ ይላችኋል። አቆራረጡ ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል። የተበላው እስኪያልቅ ብቻ ሳይሆን ከሁለቱም ገጽ ነጭ የሆነ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ መቁረጥ ነው፤ ለዝገት የምትራሩለት አንድ ሳንቲ ሜትር በዓመቱ ብየዳውን አልፎ ይመጣል። ከካርቶን ቅድ አውጥታችሁ ላሜራውን በዚያ ቁረጡ፤ ማዕዘኖቹ ይከብቡ፣ ምክንያቱም ሹል ማዕዘን ላይ ውጥረት ስለሚከማች ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል።

የአሮጌ ፒክአፕ የቦዲ ላሜራ ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ 0.6 ሚሊሜትር ሽቦ የተገጠመለት የሚግ ብየዳ ማሽን፣ ማለትም ሽቦውን ራሱ እየመገበ በጋዝ ከለላ የሚበይድ ማሽን፣ 75 በመቶ አርጎንና 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት ጋዝ ይዞ ጥሩ ይሠራል። የመጀመሪያውን የወለል ቁራጭ ስበይድ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሳላቋርጥ አንድ ረጅም መስመር ሳብኩ፤ መስመሩ ሲያዩት ያምር ነበር፣ ላሜራው ግን እንደ ደረቀ ቆዳ ተኮማትሮ መሐሉ ወደ ላይ ተነሣ። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ግን በብየዳው መስመር ላይ ከቀድሞው አጥሮ ስለሚቀር ዙሪያውን ይጎትታል። ያን ቁራጭ ቆርጬ ጣልኩትና ሁለተኛውን በነጥብ ያዝኩት። አንድ ነጥብ እዚህ፣ ቀጣዩ በተቃራኒው ጫፍ፣ ከዚያ መሐል ላይ፣ በእጅ ሲነኩት የማይፋጅ እስኪሆን መጠበቅ፣ ከዚያም በነጥቦቹ መካከል ሌላ ነጥብ። አንድን ክንድ የሚያህል ስፌት ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ላሜራው ግን ቀጥ እንዳለ ቀረ። ብየዳው ከላይ ከተስተካከለ በኋላ ጀርባውን አትርሱ፤ ሙቀቱ በዚያኛው ገጽ የነበረውን ቀለም አቃጥሎታልና ቀጣዩ ዝገት ከዚያ ነው የሚነሣው።

በራቁቱ ብረት ላይ መጀመሪያ የሚቀባው ኤፖክሲ ፕራይመር ቢሆን እመርጣለሁ። ተራው ፕራይመር ቀዳዳማ ስለሆነ እርጥበት ያሳልፋል፤ በፕራይመር ብቻ ወራት የሚቆም ፒክአፕ ከሥሩ ይዝጋል። ኤፖክሲው ሲደርቅ ስፌቶቹ በማሸጊያ ይዘጋሉ፤ ስቱኮ ካስፈለገም በኤፖክሲው ላይ፣ ከሁለት ከሦስት ሚሊሜትር ሳይበልጥ ይለጠፋል። ቀጥሎ የሚረጨው ባለ ሁለት ቅልቅል ቀለም ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለበት፤ ሽታ የለውም፣ ሳንባን ግን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ጭምብል የሌለው ሰው መርጨቱን ለባለሙያ ይስጥ፤ በዚህ ነገር ላይ ምንም መደራደር የለም።

ስለ ሞተሩ ባጭሩ ልናገር። ለዓመታት የቆመን ሞተር በሞተሪኖ ለማስነሣት አትቸኩሉ። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨምሩ፤ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ በረጅም ቁልፍ በእጅ አዙሩት፤ ከዞረ ዘይቱን ቀይራችሁ ኮምፕረሽኑን፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት ለኩ። ፍሬኑ ግን አጭር ንግግር አይበቃውም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባል ደረጃ ያለው አዲስ ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ሲቆይ፣ እርጥበት ያዘለው ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ነው፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫን ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ያው እርጥበት ቱቦዎቹንም ከውስጥ ያዝጋቸዋል፤ ስለዚህ የብረት ቱቦዎቹንና ተጣጣፊ ጎማዎቹን ከነዘይቱ ለውጡ። የመኪናውን ጎማዎችም ጥርሳቸው ጥሩ ስለሆነ ብቻ አትመኑ፤ በጎናቸው ከታተመው የዶት ቁጥር መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የተሠሩበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2314 ከሆነ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መብራቱ ሲደበዝዝ፣ ሞተሪኖው ሲያንቀላፋ ደግሞ አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት ከሻንሲው ጋር የታሰሩትን የኔጌቲቭ ሽቦዎች ፈትታችሁ የሚያርፉበትን ብረት እስኪያበራ ፋቁ። ኤሌክትሪኩም የሚሸነፈው በዚሁ ዝገት ነው።

ስለ ጭነት ሳጥኑ ያለኝ አስተያየት ብዙ ሰው አይስማማበትም። ወለሉን እንደ መስታወት አለስልሰው የሚቀቡ አሉ፤ እኔ ቀዳዳውን በይጄ፣ ዝገቱን አጥፍቼ፣ በጠንካራ ሽፋን ከቀባሁት በኋላ የዕቃ ጭረትና ጉብጠት ያለበትን እንዳለ ተውኩት። ፒክአፕ ለመጫን የተሠራ መኪና ነው፤ ታድሶ ጭነት የሚፈራ ከሆነ ግማሹን ማንነቱን አጥቷል ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ሥራ፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ የሚመጣው፣ ለጎብኚ የማይታይ ነው። በበሮቹ፣ በደፎቹና በሻንሲው ሳጥን ውስጥ ረጅም ቱቦ እያስገቡ መከላከያ ሰም መርጨት ነው። ሰሙ ቀጭን ሆኖ ወደ ስፌቶቹ ይሰርጋል፤ እኛ በብሩሽም በመርጫም ያልደረስንበትን የጠብታዋን መሐል ይይዛል። ሲረጭ የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን እንዳይደፍን በሽቦ ማጽዳት ያስፈልጋል። የእኔ ፒክአፕ ከታደሰ ጀምሮ በየዓመቱ ከዝናብ በኋላ መሬት ላይ ተንበርክኬ በየበሩ ሥር ያሉትን እነዚያን ቀዳዳዎች በሽቦ እነካለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ከግራው በር የወጣው ውሃ ጥቂት አሸዋ ነበረው፤ ቡናማ ግን አልነበረም። ባለፈው ጊዜ ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ተቀበልኩት፤ ጨርቁ ረጠበ እንጂ አልተበከለም።